ሦስተኛው ቀዳዳ፦ ስለ ሚዲ «ትሩ» የጠየቃችሁኝ

ባለፈው ዕትም ስለ ሚዲ ገመድ ትንሽ ጫር ጫር አድርጌ ነበር። ሚዲ ኪቦርዶችና ሌሎች የሙዚቃ ዕቃዎች «ይህ ቁልፍ ተነካ» እያሉ የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው፤ በገመዱ የሚሄደው መልእክት እንጂ ድምፅ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ከመጡልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚያርፉት፤ ከዕቃው ጀርባ ከ«ኢን» (መግቢያ) እና ከ«አውት» (መውጫ) ሌላ «ትሩ» (አሳላፊ) ተብሎ የተጻፈበት ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ። ሄርማታ ያለችው የጥገና ክፍሌ ውስጥም ያው ነው። ሰው ኪቦርዱን አቅፎ ይመጣል። «ተበላሽቷል» ይላል። ከፍቼ ሳየው ጤነኛ ነው፤ የተሳሳተው አሰካኩ ነው። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ለዚህ ቀዳዳ ነው። ስለ ሚክሰርና ስለ ስቴብላይዘር የጻፋችሁ ለሚቀጥለው ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ «እዚሁ ጅማ አንድ ሆቴል ውስጥ ማታ ማታ እጫወታለሁ። የዋናው ኪቦርዴ አውት ወደ ሳውንድ ሞጁል (ቁልፍ የሌለው የድምፅ ሳጥን) ይገባል። ከሞጁሉ ትሩ ወደ ሁለተኛ ኪቦርድ፣ ከዚያ ወደ ድራም ማሽን ይሄዳል። ሁለተኛው ኪቦርድ ኢን እና አውት ብቻ ነው ያለው። ሜኑው ውስጥ ግን ‹ሚዲ ትሩ› የሚል አገኘሁና ‹ኦን› አደረግኩት። ሠራ። ግን የድራም ማሽኑ ምት ይንገዳገዳል። ኮርድ ሞልቼ ስይዝ ደግሞ ይብስበታል። ጓደኞቼ ገመድ ቀይር ስላሉኝ አዳዲስ ገመዶች ገዛሁ። ምንም ለውጥ የለም።» (ከመንቲና)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገመድ መግዛቱን አቁም። ገመዶችህ ደህና ናቸው ብዬ እወራረዳለሁ። ችግሩ ያለው ሁለተኛው ኪቦርድ ጋ ነው፤ እሱም ቢሆን አልተበላሸም። አንተ በአንድ ስም «ትሩ» የምትላቸው ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች ስለሆኑ ነው። የሞጁሉ ትሩ የሃርድዌር ነው። የሁለተኛው ኪቦርድ የሶፍትዌር ነው፤ በአጭሩ ሶፍት ትሩ እንበለው።

መጀመሪያ የሞጁሉን እንየው። በኢን የገባው ሲግናል በመጀመሪያ የሚያገኘው ኦፕቶ አይሶሌተር የሚባል ትንሽ ቺፕ ነው። ውስጡ ትንሽ መብራት አለ። ከማዶ ደግሞ ያንን ብርሃን የሚያነብ ክፍል አለ። ሲግናሉ መብራቱን ያበራል፣ ያጠፋል፤ ማዶ ያለው ያነባል። በሁለቱ መካከል ሽቦ የለም። በዚህ ምክንያት የአንዱ ዕቃ ግራውንድ ከሌላው ግራውንድ ጋር አይገናኝም። ስፒከር ላይ «ህምምም» የሚለው ጩኸትም በሚዲ ገመድ በኩል አይመጣብህም።

ከዚህ ቺፕ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ሞጁሉ ፕሮሰሰር ይገባል። ሌላው ፕሮሰሰሩን ሳይነካ በቀጥታ ወደ ትሩ ቀዳዳ ይወጣል። የገባው እንዳለ ነው የሚወጣው። ቻናሉ (መልእክቱ ለማን እንደሆነ የሚለየው ቁጥር) 1 ይሁን 16፣ ኖት ይሁን ክሎክ (ቴምፖ መጠበቂያው ምልክት)፣ ሞጁሉ ያንን መልእክት ይወቀውም አይወቀውም ግድ የለውም። መዘግየቱ ጥቂት ማይክሮ ሰከንድ ነው። በተግባር የለም በለው።

ሁለተኛው ኪቦርድህ ግን ደብዳቤውን ከፍቶ አንብቦ፣ በራሱ እጅ ገልብጦ እንደሚያስተላልፍ ተላላኪ ነው። በኢን የገባውን ፕሮሰሰሩ ይቀበለዋል፣ ይረዳዋል፣ ከዚያ እንደገና ጽፎ በአውት ያወጣዋል። ይህ ጊዜ ይፈጃል። ሚዲ በሰከንድ 31,250 ቢት ነው የሚያስተላልፈው። አንድ ባይት ከመነሻና ከማቆሚያ ቢቱ ጋር 10 ቢት ስለሆነ 320 ማይክሮ ሰከንድ ይወስዳል። «ይህ ኖት ተነካ» የሚለው መልእክት 3 ባይት ነው፤ ወደ 1 ሚሊ ሰከንድ ይጠጋል። ተላላኪው መልእክቱ ሙሉ እስኪገባለት ከጠበቀ ገና ከመነሻው 1 ሚሊ ሰከንድ ዘገየ ማለት ነው። በዚያ ላይ ፕሮሰሰሩ ሌላ ሥራ አለበት። ድምፅ ያመነጫል፣ የተነኩ ቁልፎችን ያያል፣ ስክሪን ላይ ይጽፋል። ትሩው ተራውን ይጠብቃል።

ለኖት ይህ ብዙም አያስጨንቅም። ድምፅ በአየር ውስጥ በ1 ሚሊ ሰከንድ የሚሄደው 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከስፒከሩ 3 ሜትር ርቀህ ከተቀመጥክ ወደ 9 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው የምትሰማው። ስፒከሩ ዘገየብኝ ብለህ ግን አታውቅም።

ድራም ማሽን የሚከተለው ግን ክሎክ ነው። ዋናው ኪቦርድህ በእያንዳንዱ ኳርተር ኖት 24 ጊዜ ክሎክ ይልካል። ቴምፖው 120 ከሆነ በየ20.8 ሚሊ ሰከንዱ አንድ ማለት ነው። ሁሉም እኩል ቢዘገይ ማሽኑ ደንታም የለው። ችግሩ አንዱ በ1፣ ቀጣዩ በ4፣ ሌላው በ2 ሚሊ ሰከንድ ሲዘገይ ነው። የነገርከኝ መንገዳገድ ይህ ነው። ኮርድ ሞልተህ ስትይዝ የሚብስበትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የኖቱ መልእክት ይበዛል፣ ክሎኩ ከኋላ ወረፋ ይይዛል።

ሌላም የምጠረጥረው ነገር አለ። ማጣራቱ ነጻ ስለሆነ ከእሱ ጀምር። ሁለተኛው ኪቦርድህ የራሱን ክሎክ ያወጣ ይሆናል። ሶፍት ትሩ ከኢን የመጣውን ከራሱ ጋር ቀላቅሎ ነው በአውት የሚያወጣው። ሁለቱም ክሎክ ከላኩ ድራም ማሽኑ ሁለት አለቃ አለው ማለት ነው፤ ወይ ይሮጣል፣ ወይ ይደናበራል። ሜኑው ውስጥ ክሎክ መላክን የሚመለከተውን ፈልገህ «ኦፍ» አድርገው።

ካልተስተካከለ አሰላለፉን ቀይር። ድራም ማሽንህ የራሱ ሃርድዌር ትሩ ካለው ከሞጁሉ ቀጥሎ እሱን ስካው፤ ሁለተኛው ኪቦርድ መጨረሻ ላይ ይሁን። ከዚያ በኋላ የኪቦርዱን ሶፍት ትሩ አጥፋው፤ ለማንም አያስፈልግም። ድራም ማሽኑ ትሩ ከሌለው ትሩ ቦክስ ያስፈልግሃል። አንድ ኢን፣ ብዙ ትሩ ያለው ትንሽ ሳጥን ነው። ሁሉም ዕቃ ከእሱ ላይ እኩል ይጠጣል፤ አንዱ የሌላውን ትርፍ አይጠብቅም።

ትሩ ቦክስን የማነሳው በሌላም ምክንያት ነው። ሃርድዌር ትሩም ቢሆን ያለ ልክ አይቀጣጠልም። «ሰንሰለት ሲረዝም ይዘገያል» ሲባል እሰማለሁ። በሃርድዌር ትሩ ይህ ልክ አይደለም። አይዘገይም፤ ይበላሻል። ኦፕቶው ሲበራና ሲጠፋ እኩል አይፈጥንም። የሚዲ ደንብ መነሳቱም መውደቁም እያንዳንዱ ከ2 ማይክሮ ሰከንድ እንዳይበልጥ ያዛል፤ አንድ ቢት ደግሞ 32 ማይክሮ ሰከንድ ነው። አንድ ዕቃ ሲያልፍ የቢቱ ጠርዝ ትንሽ ይሸራረፋል። ሁለተኛውም ይሸርፋል፣ ሦስተኛውም። ከሦስትና ከአራት ዕቃ በኋላ የመጨረሻው ተቀባይ 0ውን 1 ብሎ ማንበብ ይጀምራል። ኖት ይጠፋል። ወይም «ቁልፉ ተለቀቀ» የሚለው መልእክት ይጠፋና ድምፁ ሳያቆም «ኡኡኡ» እያለ ይቀራል። ሰርግ ላይ ይህ የደረሰበት ሰው ያውቀዋል። ሶፍት ትሩ በዚህ በኩል ይሻላል፤ እንደ አዲስ ስለሚጽፈው ቢቱ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። የሚከፍለው በጊዜ ነው።

የአንድ ዕቃ ትሩ የቱ ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ማኑዋል ላይፈልግህ ይችላል። ዕቃውን አጥፍተህ እንደገና አብራው። ስክሪኑ ገና እየተነሳ ሳለ ከፊት ያለውን ኪቦርድ ተጫወት። ከኋላ ያለው ዕቃ ወዲያው ከጮኸ ሃርድዌር ነው። ስክሪኑ ተነስቶ እስኪጨርስ ዝም ካለ ሶፍትዌር ነው። ሌላም መንገድ አለ፦ የመካከለኛውን ዕቃ የራሱን ቁልፎች ንካ። ከትሩው ቀጥሎ ያለው ዕቃ ከጮኸ ያ ቀዳዳ ንጹሕ ትሩ አይደለም፤ አውትም እየሠራ ነው። «አውት/ትሩ» ተብሎ በአንድ ቀዳዳ ላይ የተጻፈባቸው ዕቃዎች አሉ፤ እነሱ ላይ ሜኑ ወይም ከጀርባ ያለች ትንሽ ማብሪያ ናት የምትወስነው።

ዕቃውን አጥፍቶ ብቻ መሞከር ግን አያዋጣም። ሃርድዌር ትሩም አብዛኛውን ጊዜ መብራት ይፈልጋል፤ ኦፕቶውና ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቺፕ የሚሠሩት በዕቃው በራሱ ኃይል ነው። ለዚህ ነው መድረክ ላይ የመካከለኛው ዕቃ አዳፕተር ሲነቀል ከእሱ በኋላ ያለው ሁሉ ዝም የሚለው። የጅማ መብራት እንዴት እንደሆነ አልነግርህም፤ አንድ ዩፒኤስ ካለህ ከመካከለኛው ዕቃ አታርቀው።

ጥያቄ፦ «የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ኪቦርድ እጫወታለሁ። አንድ ሳውንድ ሞጁል ተሰጠን። የኪቦርዴን ትሩ ከሞጁሉ ኢን ጋር አገናኘሁ። ስጫወት ሞጁሉ ጭራሽ አይጮኽም። መብራቱም ብልጭ አይልም። ሞጁሉ ተበላሽቶ ይሆን?» (ከአጋሮ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሞጁሉ ደህና ነው። ገመዱን ከትሩ ነቅለሽ አውት ላይ ስኪው።

ትሩ የሚያወጣው በኢን የገባውን ብቻ ነው። አንቺ በጣትሽ የምትጫወቺው በኢን አልገባም፤ እዚያው ኪቦርዱ ውስጥ ነው የተወለደው። እሱ በአውት ነው የሚወጣው። ኪቦርድሽ ኢን ላይ ምንም ካልተሰካ ትሩው ባዶ ነው።

አውት ላይ ሰክተሽም ዝም ካለ ቻናሉን እዪ። ኪቦርዱ በ1 እየላከ ሞጁሉ በ2 ብቻ እየሰማ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «ኪቦርዴ ላይ ‹ስኬል ቱን› በሚለው ቦታ ገብቼ ለአንቺሆዬ የሚሆኑ ኖቶችን በጆሮዬ ትንሽ ዝቅና ከፍ አድርጌ አስተካክዬአለሁ። ለብቻው ስጫወተው ልብ ይነካል። ሞጁሉን በሚዲ አገናኝቼ አብሬ ሳስጮኸው ግን ሁለቱ ይጣላሉ። ሞጁሉ የፈረንጁን ቅኝት ነው የሚያወጣው። በመካከል አንድ ሌላ ኪቦርድ አለ፤ በሶፍት ትሩ ነው የሚያሳልፈው። እሱ ነው የሚበላብኝ?» (ከሊሙ ገነት)

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሳነብ ደስ አለኝ። አንቺሆዬን በኪቦርድ ሲጫወቱ ጆሮው የማይቆረቁረው ሰው በዝቷል፤ የአንተ ጆሮ ገና አለ።

መካከለኛው ኪቦርድ ሊበላው ይችላል። ከእሱ በፊት ግን አንድ ነገር ማወቅ አለብህ። ሚዲ ኖት ሲልክ የሚልከው ቁጥር ነው። መካከለኛው ዶ 60 ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው 61። «61፣ ግን 30 ሴንት ዝቅ ብሎ» የሚባል ነገር በተራ የኖት መልእክት ውስጥ የለም (ሴንት በሁለት ጎረቤት ኖቶች መካከል ያለው ርቀት አንድ መቶኛ ነው)። ያስተካከልከው ቅኝት የሚኖረው ኪቦርድህ ውስጥ ነው። ሞጁሉ 61 ሲባል የራሱን 61 ያወጣል። ስለዚህ ሶፍት ትሩው ንጹሕ ቢሆን እንኳ ሁለቱ ሊጣሉ ይችላሉ።

ቅኝት በሚዲ የሚሄድበት መንገድ አለ። ሲስተም ኤክስክሉሲቭ በሚባል ረጅም መልእክት ነው። ከመካከላቸው ለሁሉም ዕቃ እንዲሆን የተደነገገ አንድ ዓይነት አለ። ለ12ቱም ኖቶች እያንዳንዳቸው ከ64 ሴንት ዝቅታ እስከ 63 ሴንት ከፍታ መናገር ይችላል። ርዝመቱ ከራስ እስከ ጅራት 21 ባይት ነው። በሚዲ ፍጥነት ወደ 7 ሚሊ ሰከንድ ይጠጋል። ኪቦርድህ ይህን የሚልክ፣ ሞጁልህም የሚያውቀው ከሆነ ሥራው አለቀ።

ጥያቄህ ልክ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። ሃርድዌር ትሩ እነዚህን 21 ባይቶች ምን እንደሆኑ ሳያውቅ ያሳልፋቸዋል። ሶፍት ትሩ ግን ማወቅ ይፈልጋል። አንዳንዱ ኪቦርድ ኖት፣ ፔዳልና ፒች ቤንድ ብቻ ያሳልፍና ሲስተም ኤክስክሉሲቩን ይጥለዋል። አንዳንዱ ለማሳለፍ ይሞክርና ማስቀመጫ ቦታው ትንሽ ስለሆነ መካከሉን ይቆርጠዋል። የተቆረጠ መልእክት ደግሞ ከተጣለው አይሻልም። ርካሽ የዩኤስቢ ሚዲ ገመዶችም ይህ ዓመል አላቸው፤ ኖት ላይ አንበሳ ናቸው፣ ረጅም መልእክት ሲመጣ ግን ይርበተበታሉ።

መካከለኛውን ኪቦርድ አውጣውና ዋናውን በቀጥታ ከሞጁሉ ጋር አገናኝ። ከዚያ ቅኝቱን ኪቦርዱ ላይ እንደገና ነካ አድርግ። ሞጁሉ ከተከተለ ሌባው መካከለኛው ነው። ካልተከተለ ኪቦርድህ ቅኝቱን ጭራሽ አይልከውም፣ ወይም ሞጁሉ አያውቀውም። እንዲያ ከሆነ አትድከም። የሞጁሉን ሜኑ ክፈትና የራሱ ስኬል ቱን ካለው እነዚያኑ ሴንቶች በእጅህ አስገባ። ወረቀት ላይ ጽፈህ ብትይዛቸው ጥሩ ነው፤ እኔ የአራቱንም ቅኝቶች ቁጥር የኪቦርድ ሻንጣዬ ክዳን ላይ ለጥፌዋለሁ። ባቲ ላይ ከእኔ ጋር የማይስማማ ሰው አይጠፋም፤ ጆሮው ይፍረድ።

ጥያቄ፦ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ዶርም ውስጥ በላፕቶፕ የሙዚቃ ቢት እሠራለሁ። ኪቦርዴ በሚዲ ከላፕቶፑ ጋር በሁለት ገመድ (ኢንም አውትም) ተገናኝቷል። ፕሮግራሙን ስከፍት የኪቦርዱ ድምፅ ይወፍራል። በአፍንጫው የሚዘፍን ይመስላል፣ ሁለት ሰው አብሮ የሚጫወትም ይመስላል። ብዙ ኖት ስይዝ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ይቆረጣሉ። ፕሮግራሙን ስዘጋ ይስተካከላል። ቫይረስ ነው እንዴ?» (ከጅማ)

መልስ፦ ቫይረስ አይደለም። ላፕቶፕህም ትሩ ነው፤ ያውም ሶፍት ትሩ።

አንድ ቁልፍ ስትነካ ኪቦርዱ ወዲያው የራሱን ድምፅ ያወጣል። በተጨማሪም በአውት ወደ ላፕቶፑ ይነግራል። ፕሮግራሙ ያንን ተቀብሎ፣ ለመቅዳት የተዘጋጀው ትራክ ወደ ኪቦርዱ የሚልክ ከሆነ፣ መልሶ በኪቦርዱ ኢን ይልክለታል። ኪቦርዱ ያንኑ ኖት ለሁለተኛ ጊዜ ይጫወተዋል። ሁለቱ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ስለሚለያዩ ያ የአፍንጫ ድምፅ ይመጣል። ኖቱ የሚቆረጠውም ለዚህ ነው። ኪቦርድህ በአንድ ጊዜ 32 ድምፅ ብቻ ማውጣት የሚችል ቢሆን፣ እያንዳንዱ ኖት ሁለት ሁለት ስለሚበላ 16 ነው የሚቀርህ።

መፍትሔው ከሁለቱ መንገዶች አንዱን መዝጋት ነው። ኪቦርዱ ሜኑ ውስጥ «ሎካል» የሚል አለ፤ «ኦፍ» አድርገው። ያኔ ቁልፎቹ ከኪቦርዱ የራሱ ድምፅ ይለያያሉ። የነካኸው መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ ይሄዳል፣ ተመልሶ ሲመጣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጮኻል። ሜኑው ውስጥ ካጣኸው ብዙ ኪቦርዶች ኮንትሮል ቼንጅ 122 የሚባለውን የሚዲ መልእክት ይረዳሉ፤ ከፕሮግራሙ ዋጋውን 0 አድርገህ ላክ፣ ሎካል ይጠፋል። በ127 ይመለሳል።

ወይም ፕሮግራሙ ላይ ያለውን ማስተላለፊያ አጥፋ። ስሙ በየፕሮግራሙ ይለያያል፤ «ኤኮ»፣ «ትሩ»፣ «ሞኒተር» ይሉታል። ከአንድ ኪቦርድ በላይ ከሌለህ ይህ ይቀላል። ሌላ ሞጁል ከጨመርክ ግን ሎካል ኦፍ ነው የሚያዋጣህ፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ አንዱን ትራክ ወደ ኪቦርዱ፣ ሌላውን ወደ ሞጁሉ እየለየ መላክ ይችላል። ይህን መለየት ሃርድዌር ትሩ አያውቀውም። መድረክ ላይ ሃርድዌር፣ ቤት ውስጥ ሶፍትዌር የምለው ለዚህ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሎካል ኦፍ አድርገህ ኪቦርዱን ለጓደኛ ካዋስከው፣ ያለ ላፕቶፕ ሲያበራው ዝም ይለዋል። እንዲህ ዓይነት «የሞተ» ኪቦርድ ወደ እኔ ክፍል ብዙ ይመጣል። ለዚህ ሥራ ገንዘብ አልቀበልም፤ ቡና ግን አልመልስም።

ጥያቄ፦ «ጡረታ ወጥቻለሁ። ድሮ ሬዲዮና ቴፕ እጠግን ነበር፣ ብየዳ አይከብደኝም። ልጆቼ ሁለት ኪቦርድና አንድ ሞጁል አላቸው። ሁለቱም ኪቦርዶች ሞጁሉን እንዲያስጮኹ ገመዱን በዋይ ቅርጽ በይጄ ላገናኝላቸው አሰብኩ። ይሆናል?» (ከሰቃ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ብየዳውን ለሌላ ሥራ ያቆዩት። ሁለት አውት ወደ አንድ ኢን በሽቦ አይጋጠምም። ሁለቱ ልጆች በአንድ ጊዜ ሲጫወቱ የአንዱ ባይት በሌላው ባይት ላይ ይወድቃል፤ ሞጁሉ የሚያነበው ትርጉም የሌለው ነገር ይሆናል። መልእክቶቹን ተራ የሚያስይዝ ፕሮሰሰር በመካከል መኖር አለበት። እሱን የሚሠራ መርጅ ቦክስ የሚባል ዕቃ አለ።

ግን ምናልባት መግዛት አያስፈልግዎትም። ለመንቲናው ወንድሜ ራስ ምታት የሆነበት ሶፍት ትሩ ለእርስዎ መድኃኒት ነው። ከሁለቱ ኪቦርዶች አንዱ ሶፍት ትሩ ካለው፣ የሌላውን አውት በእሱ ኢን ያስገቡ። ትሩውን «ኦን» ያድርጉ። ከዚያ የእሱን አውት ወደ ሞጁሉ ይውሰዱ። የመጣውንና የራሱን ቀላቅሎ በሥርዓት ያወጣዋል። ሁለቱ ልጆች በተለያየ ቻናል እንዲልኩ ያድርጉ፤ አንዱ በ1፣ ሌላው በ2። አለዚያ አንዱ ድምፅ ሲቀይር የሌላውም አብሮ ይቀየራል። የሁለተኛውን ኪቦርድ የራሱን ድምፅ ካልፈለጉት ቮልዩሙን ዝቅ ማድረግ ይበቃል።

የተገላቢጦሹ ማለትም አንዱን አውት ወደ ሁለት ኢን መክፈልም በሽቦ ብቻ አይመከርም። ሚዲ የሚሠራው በ5 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው። ለሁለት ሲካፈል የኦፕቶው መብራት ይደክማል። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ደግሞ የሚከዳው በሰርጉ ቀን ነው።

እጅዎ ከበላዎት ግን ትሩ ቦክስ ይሥሩ። ሬዲዮ ለሠራ ሰው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከኢን ሶኬት 4ኛው እግር በ220 ኦም ወደ ኦፕቶው መብራት አኖድ ይግባ፣ 5ኛው ወደ ካቶዱ። በመብራቱ ላይ አንድ 1ኤን4148 ዳዮድ በተቃራኒው ይሰኩ። ኦፕቶው ኤች11ኤል1 ቢሆን ደስ ይለኛል፤ አነሳሱና አወዳደቁ ጥርት ያለ ነው። ከድሮ ቦርዶች ላይ የሚነቀለው 6ኤን138ም ይሠራል፤ እግሮቹ ግን ስለሚለያዩ ዳታ ሺቱን ይዩ። የኤች11ኤል1 ውጤት በ470 ኦም ወደ 5 ቮልት ይሳብና ወደ 74ኤችሲ14 ይግባ። ይህ ቺፕ 6 ኢንቨርተር አለው። አንዱ ሲግናሉን ይገለብጣል፣ የቀሩት 5ቱ መልሰው ይገለብጡታል፤ 5 ትሩ አገኙ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ትሩ ሶኬት 4ኛው እግር በ220 ኦም ወደ 5 ቮልት፣ 5ኛው በ220 ኦም ወደ ኢንቨርተሩ ይሂድ። 2ኛው እግር በትሩዎቹ በኩል ብቻ ከግራውንድ ጋር ይገናኝ። በኢን በኩል ባዶውን ይተዉት። እዚያ ካገናኙት ኦፕቶው የለያየውን ግራውንድ መልሰው አጋጠሙት ማለት ነው፤ «ህምምም»ም ይመጣል።

ገመዱ ከ15 ሜትር አይለፍ። ክረምት ሲገባ ደግሞ የጅማ እርጥበት ሶኬቶቹን ያዝጋቸዋል፤ በአልኮል ጠረግ ጠረግ ያድርጓቸው።

ጥያቄ፦ «አዲሱ ኪቦርዴ ያለው ዩኤስቢ ብቻ ነው። ሞጁሌ ደግሞ የድሮው ባለ 5 እግር ቀዳዳ ነው ያለው። የሚያገናኝ ገመድ ሱቅ ውስጥ አገኘሁ፤ ግን አልሠራም።» (ከአጂፕ አካባቢ)

መልስ፦ የገዛኸው የኮምፒውተር ገመድ ነው። ዩኤስቢ ላይ አንድ ጌታ መኖር አለበት፤ ኮምፒውተር፣ ስልክ ወይም ዩኤስቢ ሆስት የሚባል ሳጥን። ኪቦርድህም ያ ገመድም ታዛዦች ናቸው። ሁለቱም ትእዛዝ እየጠበቁ ይተያያሉ። ላፕቶፕ ካለህ ሁለቱንም እሱ ላይ ስካና ከኪቦርዱ የመጣውን ወደ ገመዱ እንዲያሳልፍ ፕሮግራሙን እዘዘው። ላፕቶፕ መድረክ ላይ ማውጣት ካልፈለግክ ዩኤስቢ ሆስት ያለው የሚዲ ሳጥን ግዛ። ከመክፈልህ በፊት ግን ኪቦርዱን ሱቁ ድረስ ይዘህ ሄደህ እዚያው ሞክረው። ሁሉም ሳጥን ሁሉንም ኪቦርድ አይቀበልም፤ ባለሱቁ «ይሠራል» ቢልህም ሰክተህ ሳትሰማ እንዳትከፍል።